ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር እስከ ቧሂት አናት
(የሰሜን ተራሮች የጉዞ ማስታወሻ)

የጥምቀት በዓል በመጣ ቁጥር ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ወደ ውኃው የሚወርዱትን ታቦታት ነው። የካህናቱ ካባ፣ የዲያቆናቱ ድባብ፣ የወጣቱ ሆታና የእናቶች እልልታ ሁሉ በዚያ ቁልቁለት ላይ ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ በዓሉ መውረድ ብቻ አይደለም፤ መመለስም አለበት። ታቦት በከተራ ዕለት ከመንበሩ ይነሣል፤ በጥምቀተ ባሕሩ ዳር ያድራል፤ በማግሥቱም በክብር ታጅቦ ወደ መንበሩ ይመለሳል። በዛሬው የበዓል ገጻችን ለውድ አንባቢዎቻችን የምናወጋው ግን ወርደው ስላልተመለሱ ሰዎች፣ እነርሱ ስለለቀቁት ተራራና በዚያ ተራራ መካከል ስለሚያልፍ አንድ መንገድ ነው።

ጉዞው የተካሄደው በ2011 ዓ.ም. ነበር። በዓሉን ያከበርነው በጎንደር፣ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ነው። ጥር 11 ቀን ታቦታቱን ሸኘን፤ በ12ኛው ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ከቅዱስ ሚካኤል ታቦት ጋር አከበርን፤ ጥር 13 ቀን ሰኞ ማለዳ ደግሞ የከተማዋ ጎዳናዎች ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ወደ ሰሜን አቀናን። ሦስት ጋዜጠኞችና አንድ ሾፌር ነበርን። መኪናችን አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረች።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አስፋልት በመሆኑ አያስቸግርም። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን በወገራ ደጋ ስንጓዝ አዝመራው ተሰብስቦ በየአውድማው ላይ በሬዎች ሲዞሩ፣ ገበሬዎችም በመንሽ እህሉን ከገለባው ሲለዩ እናይ ነበር። የበዓሉ ልብስ ገና ከሰው ትከሻ አልወረደም፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶችና አዲስ ጋቢ የደረቡ አባቶች በመንገዱ ዳር ይጓዛሉ። ዳባትን አልፈን ረፋዱ ላይ ደባርቅ ደረስን።

ደባርቅ የፓርኩ ደጃፍ ናት። ወደ ተራራው የሚወጣ ማንኛውም ሰው በዚያ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳይረግጥ አያልፍም፤ የመግቢያውን ክፍያ ይከፍላል፤ አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውትም አብሮት ይሄዳል። እኛም ወረቀቱ እስኪያልቅልን ድረስ በአቅራቢያው በሚገኝ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ከጎናችን ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንድ አዛውንት ሻያቸውን ይዘው ነበር።

«እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሳችሁ ልጆቼ፤» አሉን፣ የአንገታችንን ማዕተብ አይተው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን አባቴ፤» አልን።

ወደ ተራራው እንደምንወጣ ስንነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። የግጭ ሰው ነበሩ።

ግጭ በፓርኩ እምብርት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ የነበረ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ በዚያ ብርድ ገብስ እያመረቱ፣ በግና ከብት እያረቡ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ሲከለል መንደሩ በውስጡ ቀረ። ሕዝቡ በዛ፤ ከብቱ በዛ፤ ሣሩ አነሰ፤ እርሻው ወደ ገደሉ አፋፍ ተገፋ። በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ።

አዛውንቱ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጆቹ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት መቅረባቸውን አልካዱም። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ለገበሬ የሚሆን ሥራ እንደሌለ፣ ካሳም ቢሆን በእጅ እንደያዙት በረዶ እንደሚያልቅ ነገሩን። ስንነሣ እጃችንን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ለመኑን።

«ስትመለሱ በዚሁ አታጡኝም። ሣሩ ተመልሶ እንደሆነ፣ ዋልያውም በዝቶ እንደሆነ አይታችሁ ንገሩኝ።»

ይህ አደራ ነበርና ተቀበልነው።

የአስታው ጫካና የግጭ ሜዳ

ከደባርቅ ወጣ እንዳልን አስፋልቱን ተሰናበትነው። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዶ ወደ ተከዜና ወደ ሽሬ የሚዘልቀውን መንገድ በግራ ትተን በጠጠሩ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። አቧራው ከኋላችን እንደ ዕጣን ጢስ ይነሣል። በግራም በቀኝም የገብስ ማሳ ነው። የፓርኩን በር ካለፍን በኋላ ግን ማሳው እያነሰ ሄዶ የአስታ ዛፍ ጫካ ተቀበለን፤ ከቅርንጫፎቹ ላይ የተንጠለጠለው ሽበት የጉሙን ጠል ይዞ ያብረቀርቅ ነበር።

ሳንቃበር ሳንደርስ መጀመሪያ ያገኘነው የጭላዳ መንጋ ነው። ከሁለት መቶ ያላነሱ ይመስሉ ነበር። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የሌለ፣ እንደ በግ ሣር እየነጨ የሚኖር እንስሳ ነው። ሌሊቱን በገደሉ ፊት ላይ በጠባብ ጠርዝ ተጠግቶ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ያለው ራቁት ቀይ ቆዳ የተገለጠ ልብ ይመስላል። ከእኛ በአምስት እርምጃ ርቀት ተቀምጠው ሣራቸውን በጣቶቻቸው ይለቅማሉ፤ አንዱ ሌላውን ያባብላል፤ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን በጀርባቸው አዝለዋል። መኪናችን ስትነሣ እንኳ ቀና ብለው አላዩንም።

ከሳንቃበር አለፍ ብሎ መንገዱ ወደ ገደሉ ጠርዝ ይጠጋል። በዚያ ወርደን የጅንባርን ፏፏቴ ለማየት ጥቂት ተራመድን። ወሩ ጥር በመሆኑ ውኃው ቀጥኖ እንደ ነጭ ክር ቁልቁል ይንጠለጠል ነበር። ከሥሩ የሚታየው ሸለቆ ግን ቃል ያሳጣል። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ይህ ተራራ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከመሬት ሆድ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ክምር ነው። ዝናብና ወንዝ ዘመን ተሻግረው ጠረቡት፤ በአንዳንድ ቦታም እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ጥልቀት ያለው ገደል ወጣለት። ከተራራው የሚነሡት ወንዞች ሁሉ ዞረው ዞረው ከተከዜ ጋር ይገናኛሉ። የጓሳ ሣሩና የአስታው ጫካ ክረምቱን የዘነበውን ውኃ ይዘው በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። እዚህ ላይ ሣሩ ቢነጭ፣ ዛፉም ቢመነጠር የሚደርቀው በታች ያለው የገበሬው ምንጭ ነው።

መኪናችንን ከመንገዱ ዳር ለሾፌራችን ትተን ወደ ግጭ በእግር ወጣን። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ትንፋሻችን አጠረ፤ ራሳችንን ወጋን። ስካውቱ ግን ጠመንጃውን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በላስቲክ ጫማ፣ እንደ ቤቱ ደጃፍ ይራመድ ነበር። ከሜዳው ስንደርስ መንደር የነበረበትን ቦታ በእጁ አመለከተን። ሰው የለም። ውሻ አይጮኽም። ቀድሞ ማሳ በነበረው መሬት ላይ ሣር በቅሏል፤ ጓሳው በየቦታው ተነሥቷል፤ ጅብራውም እንደ ዘብ ዘንጉን ይዞ ቆሟል። ጅብራ ብዙ ዓመት ታግሦ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል።

ሣሩ ተመልሷል። ይህን አየን። ነገር ግን ደስታችን ሙሉ አልነበረም። ሰው በልጅነቱ የሮጠበት ሜዳ፣ ወላጆቹን የቀበረበት መሬት ነውና በዚያ ዝምታ ውስጥ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ለመነጋገር አልደፈርንም።

በጨነቅ ያየነው

ሁለተኛውን ቀን ማለዳ ከሳንቃበር ተነሥተን ወደ ጨነቅ ተጓዝን። ሌሊቱ እጅግ ብርዳም ስለነበር በመኪናችን መስታወት ላይ አመዳዩ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ነበር። ጨነቅ ከ3 ሺህ 600 ሜትር በላይ ላይ ያለ ሰፈር ሲሆን ዋልያን ለማየት ከሁሉም የተሻለው ቦታ ነው ይባላል። አስጎብኚያችን ዝም እንድንል በጣቱ ምልክት ሰጠንና ወደ ገደሉ አፋፍ በእርጋታ ወሰደን።

መጀመሪያ ምንም አላየንም። ከዚያ ድንጋይ የመሰለን ነገር ቀንዱን አነሣ። ዋልያው ነበር። ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ታጥፎ፣ ጢሙ እንደ ሽማግሌ ረዝሞ፣ ከሥሩ ምንም በሌለበት ጠርዝ ላይ አራት እግሩን ሰብስቦ ቆሟል። ዓይናችን ለመደና ሌላ፣ ደግሞ ሌላ አየን። እናቶችና ግልገሎችም ነበሩ። ቆጠርን፤ 23 ደረሱ።

ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ያለው እዚሁ በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፤ ሥዕሉንም በየማስታወቂያው እናያለን። በአካል ያየነው ግን ስንቶቻችን ነን? በ1955 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገ ግምት የቀረው ዋልያ 150 ያህል ብቻ ነበር። ፓርኩም የተቋቋመው በዋናነት እርሱን ለማትረፍ ነው። የሰሜን ተራሮች በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ በዓለም የመጀመሪያዎቹ ከሆኑት 12 ቅርሶች አንዱ ሆኑ፤ ከአገራችን አብሯቸው የተመዘገበው ላሊበላ ነበር። ይሁንና በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ምክንያቶቹ የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት፣ እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነበሩ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። የግጭ ሰዎች በወረዱ በዓመቱ ማለት ነው።

እነሆ እንግዲህ ቅርሱ ከአደጋ መዝገብ የወጣው አለዋጋ አልነበረም። ከከፈሉት ሰዎች አንዱ በደባርቅ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁን ነበር።

በቧሂት በር

ከጨነቅ በላይ መንገዱ ወደ ቧሂት በር ይወጣል። ከፍታው 4 ሺህ 200 ሜትር ይደርሳል፤ የተራራው አናት ደግሞ ከ4 ሺህ 400 ሜትር በላይ ነው። መኪናችን በአየሩ መሳሳት ጉልበት አጥታ በአንደኛ ማርሽ ታቃስት ጀመር። በአንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከወዲያ ማዶ የመጣ አይሱዙ የጭነት መኪና ፊት ለፊት ገጠመን። እኛ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብን፤ በአንድ በኩል ግን ገደል ነው። ሾፌራችን አማተበ። ሦስታችንም ወርደን ድንጋይ እያቀበልን፣ ጎማ ሥር እያስደገፍን፣ በክንድ በክንድ ወደ ኋላ ሄደን አሳለፍነው።

በጭነቱ ላይ ከጆንያዎቹ መካከል ሠላሳ ያህል ሰዎች ተጭነዋል። ከጃናሞራ የመጡ ናቸው። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ልጇን በነጠላዋ ሸፍና በብርዱ ተጨብጣ ተቀምጣለች። ልጁ ታሞባት ወደ ደባርቅ ሐኪም ቤት እንደምትወስደው ነገረችን። መንገዱ ሳይኖር ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ይህን በር በእግር ይሻገሩ እንደነበር፣ እናቷም እንዲህ ተሸክመዋት እንደዳነች አጫወተችን። ከዚያ መኪናው ተንቀሳቀሰና በአቧራው ውስጥ ጠፋች።

ሐሳባችን ተከፈለ። ለዋልያው ይህ መንገድ ጠላቱ ነው፤ የጭነት መኪናው ጩኸትና የሰው ግርግር ከግጦሹ ያሸሸዋል። ለዚያች እናት ግን መንገዱ የልጇ ሕይወት ነው። ከፓርኩ ክልል ውጭ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሆኖ ሲነገር ቆይቷል፤ ትክክለኛም ነው። ነገር ግን ለዋልያው ሲባል መንገዱ ዛሬውኑ ይዘጋ የሚል ሰው ቢኖር አስቀድሞ በዚያ በር ላይ ቆሞ የእናቲቱን ፊት ይይ።

ከበሩ ላይ በስተምሥራቅ ያለውን አየን። የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ ከሥራችን ተንጣሏል፤ ከማዶው የአገራችን ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን 4 ሺህ 533 ሜትር ከፍታውን ይዞ ተቀምጧል። አስጎብኚያችን ወደ ሰሜን ምሥራቅ እጁን ዘርግቶ የቅዱስ ያሬድን ተራራ አቅጣጫ አሳየን። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው ምእተ ዓመት በአክሱም ተወልዶ፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ደርሶ፣ በመጨረሻ ዓለምን ንቆ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ፤ በዚያም ተሰወረ። ከትምህርት ሸሽቶ በዛፍ ሥር ሳለ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን የወጣች ትል አይቶ ወደ መምህሩ መመለሱንም ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል።

ከሦስት ሌሊት በፊት በጎንደር ጥምቀተ ባሕር ዳር ሊቃውንቱ በጽናጽልና በመቋሚያ ያደረሱት ማኅሌት የዚህ ሰው ዜማ ነበር። በዓሉ የወጣበት ምንጭ ከዚህ ብርድና ዝምታ እንደሚነካካ ያን ጊዜ ተረዳን።

አደራው

በሦስተኛው ቀን ደባርቅ ስንገባ አዛውንቱ በዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀመጥንና ያየነውን ነገርናቸው። ሣሩ ቁሟል፤ ጓሳው ተነሥቷል፤ በጨነቅ 23 ዋልያ ቆጥረናል፤ ግልገሎችም አሏቸው አልን። ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አልሐምዱሊላህ፤» አሉ። «እንግዲያው በከንቱ አልወረድንም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። እኛ በተመለስን በሁለት ወሩ፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ ተራራውን እሳት በላው። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ በባዶ እጁ ታገለው፤ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተርም ረዱ። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ የእንግዳውን እግር ቆረጠ። ጦርነቱ ደግሞ በ2013 መጨረሻ እስከ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ደረሰ፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ጎብኚውን አራቀ፤ የጥበቃውን እጅ አዛለ። የስካውቱና የአስጎብኚው፣ የበቅሎ አከራዩና የምግብ አብሳዩ እንጀራ የተመሠረተው በእንግዳ ላይ ነበርና ችግሩ በየቤቱ ገባ። የዋልያው ቁጥርም ከዐሥር ዓመት በፊት ከ800 በላይ ደርሶ የነበረው በ2016 ዓ.ም. ወደ 300 ገደማ መውረዱ ተነገረ።

ይህን ቁጥር በሰማን ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያሉን እኒያ አዛውንት ናቸው። ዛሬ በዚያ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ዋልያው በዝቷል ወይ?» ቢሉን ምን እንመልስላቸዋለን? እርሳቸው የድርሻቸውን ከፍለዋል፤ ቤታቸውን፣ ማሳቸውንና የወላጆቻቸውን መቃብር ለአገር ሲሉ ትተዋል። የቀረው ዕዳ የእኛ ነው። ቅርሱን የሚያኮራን ማስታወቂያ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጠባቂው ደመወዝና ሰላም ካጣ፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ ከተራራው ቁራሽ ካላገኘ፣ ከጃናሞራ ለሚመጡ እናቶችም ሌላ መንገድ ካልተሠራ፣ የእርሳቸው መውረድ በእርግጥ በከንቱ ይሆናል።

ተራራው ግን ገና አለ። ሦስት መቶ ዋልያ ከመቶ ሃምሳ ይበልጣል፤ ቀድሞ ከዚያ አንሶ ተርፏል። የያሬድ ትልም ስድስት ጊዜ መውደቋ ሰባተኛውን አላስቀረባትም። ሰላም ወርዶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ እንግዳው እንደ ቀድሞው ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ተነሥቶ ወደ ቧሂት የሚወጣበት ቀን እንዲመጣ ምኞታችን ነው። ያን ቀን ሲደርስ እኛም ደባርቅ ወርደን፣ ከአዛውንቱ ጎን ተቀምጠን፣ መልካም ወሬ ይዘን ለመቅረብ ያብቃን።

መልካም የጥምቀት በዓል!